ከተራራው የወረደው ገመድ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁ ከተራራ ወርዶ በሚሊዮን የሚቆጠር የአሜሪካ ቤት ስለገባ አንድ ገመድ ነው። ዛሬ ሰው በየቤቱ እያስነቀለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ማሃኖይ ሲቲ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ጆን ዋልሰንና ሚስቱ ማርጋሬት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነበራቸው። ፍሪጁ ይሸጣል፣ ምድጃው ይሸጣል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከመደርደሪያው ንቅንቅ አላለም። ጣቢያዎቹ ያሉት ፊላደልፊያ ነው፤ መካከል ላይ ተራራው ቆሟል። ምስል የማያሳይ ሣጥን ማን ይገዛል? ዋልሰን ተራራው አናት ላይ አንቴና ተከለ፤ ከዚያ ሽቦ እየዘረጋ እስከ መደብሩ አወረደው። ምስሉ መጣ! ሰው መስኮቱ ፊት ተኮለኮለ። ሽቦው የሚያልፍባቸው ቤቶችም «ለእኛም ቀጥልልን» አሉት። ለማስገቢያ 100 ዶላር፣ ለወር 2 ዶላር። የዋልሰን መዝገብ በኋላ በእሳት ስለወደመ ቀዳሚነቱን የሚከራከሩት አሉ፤ ኦሪገን ውስጥም ኤድ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። እኔ ልብ በሉልኝ የምለው 2 ዶላሯን ነው። ሰው የከፈለው ሌላ መንገድ ላጣለት ነገር ነበር።

ዓመታት አለፉ። በ1972 ኤችቢኦ የተባለው ቻናል ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ተመልካቾች ያገኘው በዚያው በዋልሰን ኬብል፣ ዊልክስ ባሬ ከተማ ነው፤ 365 ቤት። በ1975 መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር ማኒላ ላይ ሲፋለሙ ኤችቢኦ ግጥሚያውን በሳተላይት አመጣው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! የስፖርቱ ኢኤስፒኤን በ1979፣ የዜናው ሲኤንኤን በ1980 ተከተሉ። በ1994 ደግሞ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቱ ዳይሬክቲቪ ትንንሽ ዲሾቹን ይዞ መጣ።

ቻናሉ በዛ፤ ምርጫው ግን የቤተሰቡ አልሆነም። የቻናል ባለቤቶች ለኬብል ድርጅቶች «ይህን ከፈለግህ ያንንም ውሰድ» አሉ፤ ድርጅቶቹም በተራቸው ቤተሰቡን በጥቅል አስገዙት። ኳስ አይቶ የማያውቅ ቤት ለኳስ ይከፍላል። የኬብል ሣጥኑ ኪራይ ይጨመራል፣ የስፖርት ክፍያ ይጨመራል፣ የአካባቢ ጣቢያ ክፍያ ይጨመራል። ይህ በደል ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ፤ ትረካውን የጀመርኩትም ስለነሱ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የከተሙ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን በተለመደው ፓኬጅ ውስጥ አማርኛ ፈልገው አጡ። ስለዚህ ወጪው ሁለት ሆነ። ለልጆቹ ካርቱንና ለአባት ኳስ ሲባል ኬብሉ በየወሩ ይከፈላል፤ ለእናት ደግሞ በረንዳ ላይ ዲሽ ይተከላል። ዲሹ የሚያየው ጋላክሲ 19 የተባለውን፣ በ97 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለውን ሳተላይት ነበር፤ ኢቢኤስ የተባለው የአማርኛ ጣቢያ በዚያ በኩል ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይገባ ነበር። ሳተላይቱ ከዋሽንግተን ሲታይ በደቡብ ምዕራብ ነው። በረንዳው ወደ ሰሜን የዞረበት ሰው ምን ይዋጠው? ተከራይ በራሱ በረንዳ ላይ እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ዲሽ የመትከል መብት በፌዴራል ደንብ አለው፤ ይህን ባለማወቅ አስተዳዳሪው «አውርዱ» ሲል ያወረደ ስንት ነው! ነፋስ ዲሹን ትንሽ ካዞረው ምስሉ እልም ይላል። ያኔ ልጅ በረንዳው ላይ ወጥቶ ዲሹን ይይዛል፤ አባት ከሳሎን ይጮኻል፦ «ትንሽ ወደ ግራ! መጣ! በቃ፣ እንዳትነካው!» እናት ነጠላዋን አጣፍታ የደመራውን ብርሃን ትጠብቃለች።

ሌላም ነገር ነበር፤ ሰዓቱ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚተላለፈው የማታ 2 ሰዓት ፕሮግራም ዋሽንግተን የሚደርሰው እኩለ ቀን ላይ፣ በአሜሪካ በጋ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እናት ሥራ ላይ ናት። ዲሹ ቢሠራም አታየውም።

በ2007 ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ በዓመቱ ሮኩ የተባለችው ትንሽ ሣጥን ያንን ወደ ሳሎን ቴሌቪዥን አመጣችው። የአማርኛ ጣቢያዎችም ፕሮግራማቸውን ዩቲዩብ ላይ ማውጣት ያዙ። ልጅ መጣና «እማዬ፣ ዲሹ ይቅር፤ ዩቲዩብ ልክፈትልሽ» አላት።

«የትናንቱስ ድራማ? አምልጦኛል እኮ።»

«እሱም አለልሽ።»

ዲሹ ወረደ። ለእናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ቡናዋን አፍልታ፣ የአገሯን ወሬ በራሷ ሰዓት ታያለች። ኢንተርኔት ቤተሰብ በተነ የሚሉትን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ብዙ እናቶች በአገራቸው ቋንቋ ሳሎኑን መልሰው ሲይዙ አይቻለሁና አልስማማም።

ብዙ አሜሪካውያን ቤተሰቦችም በየራሳቸው ምክንያት ኬብሉን ትተው ወደ ኢንተርኔት ዞሩ። ኒልሰን የተባለው የተመልካች ቆጣሪ ድርጅት በሐምሌ 2022 በኢንተርኔት የሚታየው ከኬብል እንደበለጠ አስታወቀ፤ 34.8 በመቶ ለ34.4። በግንቦት 2025 ኬብልና መደበኛ ጣቢያዎች ተደምረው እንኳ ኢንተርኔቱ በለጣቸው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ንቁ። ኢንተርኔቱ ራሱ በብዙ ቤት የሚገባው በዚያው በኬብል ድርጅት ሽቦ ነው። በዩቲዩብ ቲቪ የሚሸጠው የቻናል ጥቅል በ2017 ሲጀመር በወር 35 ዶላር ነበር፤ በ2025 82.99 ደረሰ። ኳስ ወዳዱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በኤንቢሲና በፒኮክ፣ ቻምፒየንስ ሊግን በፓራማውንት ፕላስ ይከታተላል። ሁሉን እሺ ያለ ቤት ወዳመለጠው ሒሳብ ተመልሶ ይገባል። ልዩነቱ ግን አለ፦ አብዛኞቹን በወሩ መጨረሻ አቋርጦ ሲፈልጉ መመለስ ይቻላል። ለአካባቢው ዜናና ለአየር ጠባይ ደግሞ መስኮት ላይ የምትለጠፍ አንቴና ወርሃዊ ክፍያ የላትም።

ስለዚህ ኬብሉን ልታቋርጡ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ብቻውን ስንት እንደሚመጣ ጠይቁ። ያላያችሁትን ወር አትክፈሉ። እናታችሁን ሪሞቱን አስተምሯት፤ ልጅ እስኪመጣ አትጠብቅ። የኬብሉን ሣጥን ስትመልሱ ደግሞ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ አልተመለሰም ተብሎ ዋጋውን መጠየቅ አለና ደረሰኙን አስቀምጡት።