ብራናው ስንት ዓመቱ ነው?

በትግራይ፣ ከዓድዋ ከተማ አጠገብ፣ የአባ ገሪማ ገዳም አለ። በዚያ የሚጠበቁት ሥዕላዊ ወንጌሎች እንዴት እንደተጻፉ ትውፊቱ ይተርካል። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው ጨረሱ፤ ሥራው ሳያልቅ እንዳይመሽባቸውም እግዚአብሔር ፀሐይን አቆመላቸው ይላል። ብዙዎቹ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ግን የሥዕሎቹን አሣሣል መዝነው፣ መጻሕፍቱን በ1100 ገደማ ሲያስቀምጧቸው ኖረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅዱሱ የኖሩት በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው ስለሚባል፣ በትውፊቱና በሊቃውንቱ መካከል አምስት መቶ ዓመት ያህል ልዩነት ነበር።

ይህን ልዩነት ለመዳኘት የተጠራው የሒሳብ መሣሪያ የተወለደው በስኮትላንድ ነው። የመርቺስተኑ ባላባት ጆን ኔፒየር፣ የከዋክብት ተመራማሪዎች ረጃጅም ቁጥሮችን በማባዛት የሚያጠፉት ጊዜ አሳስቦት ሃያ ዓመት ያህል ለፋ። በ1614 ያሳተመው የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ማባዛትን ወደ መደመር፣ ማካፈልን ወደ መቀነስ የሚለውጥ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሄንሪ ብሪግስ ከለንደን ድረስ ሄዶ አገኘው፤ በ10 ላይ የተመሠረተ ሎጋሪዝም ለሥራ እንደሚቀልም ተስማሙ።

ናቹራል የሚባለው ሎጋሪዝም የመጣው ግን በሌላ በር ነው። በ1647 ግሬጎሪ ዘ ሴንት ቪንሰንት የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ሃይፐርቦላ ከተባለው ጥምዝ መስመር በታች ያለውን ስፋት ሲያጠና የደረሰበትን ውጤት አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ አልፎንሶ ደ ሳራሳ ያ ስፋት የሎጋሪዝምን ጠባይ እንደሚከተል አስተዋለ። በ1668 ኒኮላስ መርካቶር ይህን ዓይነቱን ሎጋሪዝም «ናቹራል» ሲል ጠራው። ሎጋሪዝም የአርቢ ተገላቢጦሽ መሆኑን አጥርቶ ያስቀመጠው በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው፤ የናቹራል ሎጋሪዝም መሠረት የሆነውንና 2.718 ገደማ የሚሆነውን ቁጥር ዛሬ በሚታወቅበት ፊደል፣ በ«ኢ»፣ የሰየመውም እሱ ነው። ዛሬ ተማሪ አርቢን አስቀድሞ ሎጋሪዝምን አስከትሎ ይማራል፤ ታሪኩ ግን የሄደው በተገላቢጦሽ ነበር።

በ1902 ኧርነስት ራዘርፎርድና ፍሬድሪክ ሶዲ ራዲዮአክቲቭ ነገር የሚቀንሰው በቀረው መጠን ልክ መሆኑን አሳዩ። ብዙ ሲኖር ብዙ ይጠፋል፤ ጥቂት ሲቀር ጥቂት ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ለውጥ በቀጥታ የሚገልጸው ቁጥር የኦይለሩ ኢ ነው። በ1949 ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሕግ በካርቦን 14 ላይ አዋሉት። እንስሳ በሕይወት ሳለ ካርቦን 14ን ከምግቡ ያገኛል፤ ከሞተ በኋላ ግን በውስጡ ያለው በ5730 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል። ሊቢ ለዚህ ሥራው በ1960 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አሁን አንድ ብራና መጀመሪያ ከነበረው ካርቦን 14 ውስጥ 83 በመቶው ቀርቶታል እንበል። እኩልታው፦ 0.83 እኩል ይሆናል ኢ፣ አርቢው ደግሞ ኔጋቲቭ ዓመቱ ለ8267 ተካፍሎ (8267 የሚገኘው 5730ን ለ2 ናቹራል ሎጋሪዝም፣ ማለትም ለ0.693፣ በማካፈል ነው)። የምንፈልገው ዓመት አርቢው ውስጥ ተደብቋል፤ በመደመርም በማካፈልም ብቻ ከዚያ አይወርድም። በሁለቱም ወገን ናቹራል ሎጋሪዝም ሲወሰድ ግን ኢ ይጠፋና አርቢው ወደ መሬት ይወርዳል። የ0.83 ናቹራል ሎጋሪዝም ኔጋቲቭ 0.186 ነው፤ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቩ ጋር ይጣፋል፤ 0.186 በ8267 ሲባዛ 1540 ዓመት ያህል ይሰጣል። ብራናው የ900 ዓመት ቢሆን ኖሮ 90 በመቶ ያህሉ በቀረ ነበር። ትውፊቱንና ሊቃውንቱን የሚለያያቸው እንግዲህ ሰባት በመቶ የምትሆን ልዩነት ናት።

በሊቢ ዘመን ቢሆን ለምርመራው ብዙ ብራና ማቃጠል ያስፈልግ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ አተሞቹን አንድ በአንድ የሚቆጥር መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ግን ጥቃቅን ቁራጭ ይበቃል። ከገሪማ ወንጌሎች የተወሰዱ ቁርጥራጮች በኦክስፎርድ ተመረመሩ፤ የተገኘው ዘመን ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ።

መልሱ አንድ ዓመት ያልሆነው በምክንያት ነው። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከእኩልታው የወጣው ቁጥር በዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበቶች መታረም አለበት። ደግሞም የሚለካው እንስሳው የሞተበት ጊዜ እንጂ ጸሐፊው ብርዑን ያነሳበት ቀን አይደለም። ቢሆንም 1100 የሚለው ግምት ከዚህ በኋላ ሊቆም አልቻለም። ወንጌሎቹ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታዊ ሥዕላዊ የክርስቲያን መጻሕፍት መካከል ይቆጠራሉ። መጽሐፉ በአንድ ቀን ስለመጻፉ፣ ፀሐይም ስለመቆሟ እኩልታው የሚለው ነገር የለም፤ ስለ ዘመኑ ግን ትውፊቱ ከሊቃውንቱ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኝቷል።