«አደሰ» ከየት መጣ?

ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዛችሁ ስትሄዱ «ላሳድስ መጣሁ» ነው የምትሉት፤ «ላስጀምር» አትሉም። ለምን መሰላችሁ? «ጀመረ» ስለ ትናንት ምንም አይናገርም። «አደሰ» ግን ከበፊቱ የነበረ ነገር አለ፣ አሁንም እሱው ነው ይላል። ቤት ሠራሁ ካላችሁ ባዶ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ቤት አደስኩ ካላችሁ ግን ቤቱ ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ሕንፃ ከነመሠረቱ ፈርሶ በቦታው ሌላ ሲቆም «ታደሰ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ቃሉ ራሱ ይመሰክርላችኋል።

ግሱ የመጣው ከግዕዙ «ሐደሰ» ነው። «ሐ» ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ የራሱ ድምፅ ነበረው። አማርኛ ያንን ድምፅ ሲተወው «ሐዲስ» «አዲስ» ሆነ። አሮጌው መልክ «ሐዲስ ኪዳን» ላይ እስካሁን አለ። እድሳት፣ ህዳሴ፣ ታደሰ የሚለው ስም ሁሉ ከዚሁ ቤት ናቸው።

ዘመዶቹ ደግሞ ሩቅ ድረስ ተበትነዋል። ዕብራይስጥ አዲስን «ሐዳሽ» ይላል፤ ሶርያይስጥ «ሐድታ»። አረብኛም «ሐዲስ» አለው፤ የመጨረሻዋን ድምፅ ግን ምላስን ጥርስ መሃል አድርጎ ነው የሚያወጣት። ሰ፣ ሸ፣ ተ መለያየታቸው በዘፈቀደ እንዳይመስላችሁ። እስቲ በሬን እዩ፦ በግዕዝ «ሶር»፣ በዕብራይስጥ «ሾር»፣ በሶርያይስጥ «ታውራ»። ያው ሥርዓት ነው! የቋንቋ አጥኚዎች ዝምድናን የሚያረጋግጡት እንዲህ በሚደጋገም ልዩነት እንጂ ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ አይደለም።

ትርጉሙም እንደየአገሩ ተጉዟል። ዕብራይስጥ ወርን «ሖዴሽ» ይላል፤ ጨረቃ በየወሩ አዲስ ሆና ትወጣለችና። በአረብኛ «ሐዲስ» አዲስ ከማለት ሌላ ወሬ፣ ንግግር ማለትም ነው (ወሬ አዲስ ካልሆነ ማን ይሰማዋል?)። ሙስሊሞች የነቢዩን ንግግርና ተግባር የሚያወሱ ዘገባዎችን ሐዲስ የሚሉት ከዚሁ ነው።

እኔን በጣም የሚያስቀኝ ግን የካርቴጅ ነገር ነው። ፊንቄያውያን ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር የቆረቆሯትን ከተማ «ቀርት ሐደሽት» አሏት፤ አዲስ ከተማ። የእሷ ሰዎች ስፔን ተሻግረው ሌላ ከተማ ሲመሠርቱ ያንኑ ስም ሰጡ። ሮማውያን ሁለቱን ለመለየት የስፔኗን «ካርታጎ ኖቫ» አሏት። «ኖቫ» በላቲን አዲስ ነው፤ እንግዲህ «አዲስ ከተማ አዲሷ» ማለት ሆነ። ዛሬ ካርታኼና ትባላለች። ስፔናውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1533 ኮሎምቢያ ውስጥ ከተማ መሥርተው በስሟ ጠሯት፤ የእኛ «አዲስ» ዘመድ በዚህ መንገድ ካሪቢያን ባሕር ዳር ደረሰ።