በሕንፃዎች ውስጥ የጋዝ ቧንቧን ከመሬት መስመር ጋር ስለ ማያያዝ

በሆቴሎች፣ በሆስፒታሎችና በአንዳንድ የመኖሪያ ሕንፃዎች የማብሰያ ጋዝ ከሲሊንደር ማስቀመጫ ክፍል እስከ ማዕድ ቤት በብረት ወይም በመዳብ ቧንቧ ይተላለፋል። ቧንቧው የኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ የተላጠ ሽቦ ወይም ብልሽት ያለበት ምድጃ ቢነካው እስከ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። በዚህ ጊዜ ቧንቧውን የሚነካ ሰው በኤሌክትሪክ ሊመታ፣ የሚፈጠረውም ብልጭታ ያፈተለከ ጋዝ ሊያቀጣጥል ይችላል።

የማያያዝ ዓላማ

ቧንቧው በመዳብ ሽቦ ከሕንፃው ዋና የመሬት መስመር ማገናኛ ጋር ሲያያዝ፣ በቧንቧውና በሌሎች የብረት አካላት መካከል አደገኛ የቮልቴጅ ልዩነት እንዳይኖር ይደረጋል። ብልሽት ሲፈጠርም ብሬከሩ ፈጥኖ ኃይል እንዲያቋርጥ ያግዛል።

የተከለከለ አሠራር

የጋዝ ቧንቧ ከመሬት መስመር ጋር ይያያዛል እንጂ ራሱ የመሬት መስመር ሆኖ አያገለግልም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ 60364 ይህንን ይከለክላል። ክልከላው ሁለት ምክንያቶች አሉት፦

1. በቧንቧው ውስጥ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ መጋጠሚያው ቢፈታ ብልጭታ ይፈጠራል፤
2. የቧንቧው ከፊል በፕላስቲክ ቢተካ፣ ማንም ሳያውቅ ሕንፃው ያለ መሬት መስመር ይቀራል።

መሟላት የሚገባቸው ነጥቦች

• የማያያዣው ሽቦ መዳብ ከሆነ ስፋቱ ከ6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ እንደ ሕንፃው የመሬት ሽቦ ውፍረት ሊጨምር ይችላል።
• ሽቦው በተቻለ መጠን ቧንቧው ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ አቅራቢያ፣ ቀለሙ በተጠረገ የቧንቧ አካል ላይ በክላምፕ ይታሰራል።
• ቧንቧው መግቢያ ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መጋጠሚያ ካለ፣ ሽቦው የሚታሰረው ከመጋጠሚያው ወዲህ በሕንፃው በኩል ነው።
• በቀጭን አይዝጌ ብረት የተሠራ ተጣጣፊ የጋዝ መስመር በመብረቅ ሊበሳ ስለሚችል፣ የአምራቹ የማያያዣ መመሪያ ሊተገበር ይገባል።
• ቧንቧ ለጥገና ከመቆረጡ በፊት የሚለያዩት ሁለት ጫፎች በጊዜያዊ ሽቦ ይገናኛሉ።

በአንድ ሲሊንደርና በጎማ ቱቦ ብቻ የሚሠራ ምድጃ ይህ ዝርጋታ አያስፈልገውም። ሆኖም ምድጃው በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ከሆነ፣ የመሬት መስመር ባለው ሶኬት መሰካት አለበት።

ጥንቃቄ የሚሹ ምልክቶች

ምድጃ ወይም ቧንቧ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ፣ የሚነዝረውን አካል ሳይነኩ ዋናውን ብሬከር ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ብሬከርም ሆነ ማብሪያና ማጥፊያ መንካት አይገባም፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይከማቻል። በቅድሚያ የሲሊንደሩን ቫልቭ መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ከሕንፃው መውጣትም ይገባል።

የባለሙያ አመራረጥ

ተገልጋዮች ሥራውን ከማሠራታቸው በፊት ባለሙያው የኤሌክትሪክ ሥራ ብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን እንዲያረጋግጡ፣ ሥራው ሲጠናቀቅም የመሬት መስመሩ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው እንዲጠይቁ ይመከራል።