የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ዝናብ የሳተላይት ልኬት

በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚጥለው ዝናብ ከወቅት ወቅትና ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለዋወጥ በሳተላይት መከታተል የተጀመረው፣ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ጥቂትና የተራራቁ በመሆናቸው የሚፈጠረውን የመረጃ ክፍተት ለመሙላት ነው። አካባቢው ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የመንዝ ደጋ የበልግ ገብስ ትልቅ ቦታ ሲይዝ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ግን ጤፍና ማሽላ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃሉ። በልጉ ከከሸፈ በኋላ ክረምቱ ቢያካክስ የዓመቱ ድምር ደህና ይመስላልና፣ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ልኬት ለመንዝ እምብዛም አይረባም።

ሳተላይት ዝናብን በቀጥታ አይሰፍርም። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሜትዮሳት በየ15 ደቂቃው አፍሪካን እያነሣ፣ ከደመናው አናት የሚወጣውን ሙቀት በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር ይለካል፤ የደመናው አናት በጣም ቀዝቅዞ በቆየ መጠን ብዙ ዝናብ እንደጣለ ይገመታል። የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ታምሳት የተባለው መረጃ በዚህ ስልት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ቺርፕስ የሚባለው ደግሞ ከ1981 እ.ኤ.አ. የሚነሣ ሲሆን፣ የሳተላይቱን ግምት ከጣቢያ ንባብ ጋር አዋሕዶ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ያቀርባል።

የዚህ ግምት ችግር የሚጎላው በመንዝ ምሥራቃዊ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከስምጥ ሸለቆው የሚነሣው እርጥብ አየር የጓሳን ተራራ ሲገጭ ወደ ላይ ተገፍቶ ጉምና ካፊያ ይሆናል፤ ይህ ደመና ዝቅ ያለና አናቱ ያልቀዘቀዘ ስለሆነ ኢንፍራሬዱ ዝናብ የለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በአንጻሩ ጠብታ የማይጥል ከፍ ያለ ስስ ደመና ቅዝቃዜው ብቻ ዝናባም ያስመስለዋል። አንድ ካሬም አፋፉንና ቁልቁለቱን አንድ ላይ ሊይዝ ስለሚችል የሁለቱን አማካይ ይሰጣል፤ አማካዩም የደጋውም የቆላውም ላይሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ተቋም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የራሱን የጣቢያ መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር ያቀናጀው ይህን መሰሉን ስሕተት ለመቀነስ ነው።

የዓመታት ልዩነት የሚታወቀው የአንዱን ወቅት ዝናብ ከረጅም ዘመን አማካይ ጋር በማነጻጸር ሲሆን፣ መነሻው ብዙ ጊዜ ከባሕር ነው። የጄሰን-2 ሳተላይት ራዳር የባሕሩን ወለል ከፍታ ይለካ ስለነበር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ የተከሰተውን ኤልኒኞ፣ ማለትም ያልተለመደ የባሕር ሙቀት፣ ለመከታተል አገልግሏል። ኤልኒኞ በአብዛኛው የኢትዮጵያን ክረምት ያዳክማል፤ በዚያ ዓመት ግን በብዙ የሰሜንና የምሥራቅ አካባቢዎች በልጉም ቀድሞ ከሽፎ ስለነበር፣ በዓመቱ መጨረሻ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ እርዳታ እንደሚያሻቸው ተገለጸ።

የዕፅዋትን ልምላሜ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳየው ሞዲስ የተባለ መሣሪያም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሥርዓት ሲጠብቀው በኖረው በጓሳ ሜዳ የሚበቅለው ሣር ዓመቱን ሙሉ ስለማይጠፋ፣ የሜዳው ልምላሜ ስለ ገብሱ ማሳ አስተማማኝ ምስክር አይሆንም። የደጋው ውርጭም በዝናብ ካርታ ላይ አይታይም፤ ዝናቡ በበቂ ጥሎ ሰብሉን ውርጭ የመታበት ዓመት በካርታው ላይ መልካም ዓመት ሆኖ ይመዘገባል።