ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ካልካታ

ቤንጋሎች በዓመት አንዴ፣ ማሃላያ በሚሉት ዕለት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ሬዲዮ ይከፍታሉ። የሚሰሙት ዱርጋ የተባለችው አምላካቸው ጎሽ የሚመስለውን ጋኔን እንዴት እንደገደለችው ነው። በመሃል የሚነበበው ዴቪ ማሃትምያ ከተባለው ባለ 700 ስንኝ የሳንስክሪት መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ሳንስክሪት ለአብዛኛው አድማጭ ባዕድ ቋንቋ ነው፤ ለአማኙ ግን ቃሉን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ መስማትም፣ ራሱ አምልኮ ነው።

ዝግጅቱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር አንባቢው ቢሬንድራ ክሪሽና ባድራ ነበር። የሬዲዮ ሰው እንጂ ካህን አይደለም፤ ጭራሽ ብራህሚንም አልነበረም! በዚህ ያጉረመረሙ ነበሩ ይባላል። ሰውየው ግን ወደ መጨረሻው ሲደርስ ድምፁ በለቅሶ ይሰበራል፤ አድማጩም አብሮት ይሰበራል።

ከዚያ 1976 መጣ። ኢንድራ ጋንዲ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሚገዙበት፣ ጋዜጣ ሳንሱር በሚደረግበት ወቅት የመንግሥት ሬዲዮ የባድራን ዝግጅት አንስቶ በአዲስ ተካው። ባድራን የተካው ማን መሰላችሁ? የቤንጋሊ ፊልም ንጉሥ ኡታም ኩማር! ሰው የሚያብድለት ተዋናይ ነው። ሕዝቡ ግን በቁጣ ነደደ። ዱርጋ ያችው ዱርጋ ናት፣ ጋኔኑም ያው ነው፤ ሰዉ የፈለገው ያንን ድምፅ ነበር። ጣቢያው ተሸነፈና የባድራን መለሰ። እኔን የሚገርመኝ፣ ካህን አይደለም ተብሎ የታማው ሰው በ45 ዓመት ገደማ ውስጥ የማይነካ መሆኑ ነው።

ባድራ በ1991 ሞተ። ቅጂው አሁንም በየዓመቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይተላለፋል።