በዕጣ ወይስ በደወል?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ አቀበቱን ሲወጡ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ አዳራሽ የተራ ቤት ነው፤ ልዑካኑ ከአገራቸው ስም ኋላ ተቀምጠው፣ ሰብሳቢው ዕድል ሲሰጣቸው ይናገራሉ። በ1954 ዓ.ም. መስቀል በተከበረ በዐሥረኛው ቀን ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ «ኢትስ አካዳሚክ» የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቴሌቪዥን ውድድር ተጀመረ። ሦስት ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት ተማሪ ያሰልፋሉ፤ ደወል በሚመታበት ዙር ግን ዕድል ሰጪ የለም፣ የቀደመ ይናገራል።

የእኛ ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ከአዳራሹ ሥርዓት ጋር ይዛመዳል። ተወዳዳሪው ቁጥር ይመርጣል። «7 ቁጥር!» «7 ቁጥር ተነክቷል፣ ሌላ ምረጥ።» ጥያቄው ይነበባል፣ ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ይይዛል፤ ካልተመለሰ ለተከታዩ ያልፋል፣ እሱም ካልቻለ ለተመልካች ይቀርባል። ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸለመው ብዙ ጊዜ ይሄ ከኋላ ወንበር የጮኸው ልጅ ነው። ሥርዓቱ ፈሪውንም ስለሚያናግር እወደዋለሁ። ፍትሐዊ ነው ማለት ግን ይከብደኛል፤ አንዱ የኬንያን ዋና ከተማ ሲጠየቅ ሌላው በዚያው ደቂቃ ውስጥ የፊዚክስ ስሌት እንዲሠራ ይደርሰዋል።

አሜሪካኖቹ «ኩዊዝ ቦውል» በሚሉት ውድድር ጥያቄው ራሱ ረጅም ነው። ከባዱ ፍንጭ ይቀድማል፣ ቀላሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ጠልቆ ያነበበ ተማሪ አንባቢውን አቋርጦ ይመልሳል። በብዙዎቹ ውድድሮች አቋርጦ የተሳሳተ 5 ነጥብ ይቀነስበታል።

እንዲህ ያለ ቅጣት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ካልወደደ ሌላ ይጠይቃል፣ ከወደደ በኋላም ተሸናፊውን በስድብ ያጠግበዋል። ከ5 ነጥብ ይልቅ ጎንደርን ማጣት ሳይከብድ አይቀርም! ጥያቄና መልሱ ትምህርት ቤት የገባው ግን ያለ ቅጣቱ ነው።

ተራንና ፍጥነትን ያጋቡት ጋናዎች ናቸው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በሚካሄደው የሳይንስና ሒሳብ ውድድራቸው የመጀመሪያው ዙር በተራ ነው፣ ሁለተኛው የፍጥነት ነው፣ በሦስተኛው ሁሉም አንድ ዓይነት ስሌት በጽሑፍ ይሠራሉ። አራተኛው «እውነት ወይስ ሐሰት» ሲሆን የተሳሳተ ነጥብ ያጣል፤ ያልተማመነ ማለፍ ይችላል። የሚዘጋው በእንቆቅልሽ ነው፦ በመጀመሪያው ፍንጭ የመለሰ 5፣ በሁለተኛው 4፣ ከዚያ በኋላ 3። ተራ ያገኘው ፈሪም፣ ፈጣኑም፣ ዝም ብሎ የሚያሰላውም የየራሱ ሰዓት አለው።

እኛ ዘንድ ፍጥነት ብቅ የሚለው ነጥብ እኩል ሲሆን ነው። መለያ ጥያቄ ይወጣል፣ ተራው ይቀራል፣ እጁን ያስቀደመ ይመልሳል። ያኔ ደወል ስለሌለ ዳኞቹ የማን እጅ ቀድሞ እንደተነሣ ሲከራከሩ፣ ተመልካቹ ደግሞ በጩኸት ይፈርዳል።