አይጥን ከቤት ማስወገድ፦ መርዙ ከአይጡ እንዳይብስ

በጅማ ዙሪያ፣ ከጅሬን ኮረብታ እስከ አጋሮና ሰርቦ፣ በቆሎው ከማሳ በሚሰበሰብበትና ቡናው በሚለቀምበት ወራት የአይጥ ነገር የየቤቱ ወሬ ይሆናል። ሌሊት ኮርኒስ ላይ ሩጫ፣ ጠዋት የተቀደደ ጆንያ፣ እንጀራ ማስቀመጫው አጠገብ ጥቁር ኩስ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ከገበያ ትንሽ እሽግ መርዝ ገዝቶ ከዳቦ ጋር ለውሶ ማስቀመጥን ነው።

ይህ መንገድ አደገኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሠራም። አይጥ ከቤት የሚጠፋው ምግቡ ሲዘጋበትና ቀዳዳው ሲደፈንበት ነው። ወጥመድ ቀጥሎ ይመጣል። መርዝ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ባይገባ ይመረጣል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው ለአይጥ የተቀመጠው መርዝ የሚያገኘው ልጅን፣ ድመትን ወይም ዶሮን ሊሆን ይችላል።

አይጥን መግደል ብቻ ለምን አይበቃም?

በቤታችን የሚገኙት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ትንሿ የቤት አይጥና በተለምዶ አይጠ መጎጥ የምንላት ትልቋ። በኦሮምኛ ሃንቱታ ትባላለች። ትንሿ አይጥ ለ3 ሳምንት ገደማ ብቻ አርግዛ በአንድ ጊዜ 5 ወይም 6 ትወልዳለች። ልጆቿም በ6 ሳምንት ገደማ ለመራባት ይደርሳሉ። ስለዚህ ምግቡና መግቢያው እንዳለ ከቆየ፣ ዛሬ 5 አይጦች ቢሞቱ ቦታቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞላል።

ትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ ማለትም እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትገባለች። ትልቋም አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አይከብዳትም። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግ እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ጆንያና የመብራት ሽቦ ይቆረጥማሉ።

አይጥ የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች

አይጥ ቤት ውስጥ ስለታየ ቤተሰቡ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ሆኖም የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል፦

- የምግብ መመረዝ፦ አይጥ በምግብና በዕቃ ላይ ስትሄድ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን ልትተው ትችላለች።
- ሌፕቶስፓይሮሲስ፦ በአይጥ ሽንት የሚወጣ ባክቴሪያ ነው። በእርጥብ አፈርና በታቆረ ውኃ ውስጥ ቆይቶ በተሰነጠቀ እግር ወይም በቁስል ይገባል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የባት ጡንቻ ሕመምና የዓይን መቅላት ያመጣል። ሲብስ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል።
- በአይጥ ቁንጫ የሚመጣ ታይፈስ፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና አንዳንዴ የቆዳ ሽፍታ ያስከትላል። ከታይፎይድ ጋር በስም ቢመሳሰልም ሌላ በሽታ ነው፤ ታይፎይድ ከሰው ወደ ሰው በተበከለ ምግብና ውኃ ይተላለፋል። በቅማል ከሚተላለፈው ታይፈስም ይለያል።
- የአይጥ ንክሻ፦ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣ ኢንፌክሽንም ሊከተል ይችላል።

ትኩሳት ይዞዎት ወደ ጤና ተቋም ከሄዱ በቤትዎ ወይም በሥራ ቦታዎ አይጥ መኖሩን ለባለሙያው ይንገሩ። ይህች አንዲት ቃል ምርመራውን ልታቀና ትችላለች። ትኩሳት ኖሮ ዓይን ቢጫ ከሆነ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው በቅጠል መድኃኒት ቀናት አያሳልፉ።

አንደኛ፦ ምግቡን ይዝጉ

- እህልና ዱቄትን ክዳን ባለው በርሜል፣ ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ባልዲ ያስቀምጡ። ጆንያ ብቻውን አይጥን አይከለክልም።
- ጆንያ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ ያድርጉት፤ ከግድግዳም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያርቁት። ጀንፈል የተሞላ ጆንያ ግድግዳ አስደግፎ መደርደር ለአይጥ የተመቸ መደበቂያ ነው።
- ጎምቢሳ ወይም ጎተራ ካለዎት እግሮቹ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ። በየእግሩ ላይ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ያጥልቁ። ከዛፍ፣ ከአጥርና ከቤት ግድግዳ ይራቅ፤ አይጥ ትዘላለችና።
- የእራት ዕቃ ሳይታጠብ አይደር። የድመት፣ የውሻና የዶሮ መኖ ሲመሽ ይነሳ።
- አይጠ መጎጥ ውኃ ትፈልጋለች። የውኃ ባልዲ ይከደን፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧም ይጠገን።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳውን ይድፈኑ

በቀን በርና መስኮት ዘግተው በጨለማው ውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ይፈልጉ። በግድግዳውና በጣሪያው ቆርቆሮ መካከል ያለውን ክፍተት፣ የበሩን ሥር፣ ቧንቧና የመብራት ሽቦ የሚገባበትን ቦታ ይመልከቱ። ቅባት የመሰለ ጥቁር ጭረት ካዩ የአይጥ መመላለሻ ነው።

የጭቃ ቤት ቀዳዳ በጭቃ ብቻ ቢመረግ በማግሥቱ ይቆፈራል። መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም ጠጠር ይጠቅጥቁበት፤ ከዚያ በላዩ በሲሚንቶ ይለስኑት። የበሩን ሥር በቆርቆሮ ቁራጭ ይለብጡ። ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ኮርኒስ ካለ ጫፉን ገልጠው ከላይ የተጠራቀመ ጎጆ መኖሩን ይዩ።

ግቢውንም አይርሱ። ከግድግዳ ጋር የተጠጋ የማገዶ ክምር፣ ረጅም ሣርና ያልተቀበረ ቆሻሻ ቤቱን በአይጥ ያስከብባሉ።

ሦስተኛ፦ ወጥመድ

ባለ ስፕሪንጉ ወጥመድ ርካሽ ነው፤ ደጋግሞ ይሠራል፤ ማንንም አይመርዝም። አይጥ በግድግዳ ጥግ ስለምትሄድ ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር ያገናኙት፤ ማታለያው ምግብ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ይዙር። የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም ንጥር ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይበቃል። አንድ ወጥመድ ብቻ ከማስቀመጥ በአንድ ሌሊት አምስት ስድስት ማጥመድ ይሻላል።

አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። ለ3 ወይም 4 ቀናት ወጥመዱን ሳይወጥሩ ምግብ ብቻ ያስቀምጡበት፤ መብላት ስትለምድ ይወጥሩት። ልጆች እጃቸውን እንዳያስገቡ በሣጥን ሥር ወይም በዕቃ ጀርባ ያድርጉት።

ድመት ትረዳለች፤ የተከፈተ ጆንያና ቀዳዳ ግን አታሸንፍም። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ያጽዳ፤ ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ኩሱንና የሞተውን አይጥ ማጽዳት

ደረቅ ኩስን በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል።

1. በርና መስኮት ከፍተው 30 ደቂቃ ያናፍሱ።
2. ጓንት ያድርጉ፤ ከሌለ እጅዎን በፌስታል ይሸፍኑ።
3. 1 ኩባያ በረኪና ከ9 ኩባያ ውኃ ጋር ቀላቅለው ኩሱ ላይ ያርከፍክፉና 5 ደቂቃ ይጠብቁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ።
4. በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠርገው በፌስታል ቋጥረው ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ።
5. እጅዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ።

የሞተ አይጥንም በዚሁ መንገድ በረኪና አርከፍክፈው ይቅበሩ። በባዶ እጅ ጅራቱን ይዞ መወርወር ልማድ ቢሆንም አያድርጉት፤ ቁንጫው የሞተውን አይጥ ትቶ ወደ ሰው ይዘላልና።

ስለ መርዝ ማወቅ ያለብዎት

በገበያ በአይጥ መርዝነት የሚሸጡት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሕክምናቸውም ይለያያል።

- ዚንክ ፎስፋይድ፦ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ጨጓራ ውስጥ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ለይቶ የሚያረክሰው መድኃኒት ስለሌለ ተስፋው በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ ነው።
- ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መርዞች፦ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተነከሩ እህሎች ወይም ጡቦች ናቸው። የበላ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ደህና ይመስላል፤ መድማት የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በቫይታሚን ኬ ይታከማል፤ ሕክምናው ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል።
- የእርሻ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች፦ ማላታዮንን የመሰሉትን ከምግብ ጋር ለውሰው ለአይጥ የሚያስቀምጡ አሉ። ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የመተንፈስ ችግር ያመጣሉ። አትሮፒን የተባለ ማርከሻ በሆስፒታል ይሰጣል።

የነቀዝ ክኒንን ቤት ውስጥ አይጠቀሙ። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚጨመረው አሉሚኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲያገኝ ያንኑ የፎስፊን ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት ጆንያ ውስጥ ከተጨመረ ወይም በአይጥ ጉድጓድ ከተከተተ፣ ጋዙ ሌሊት ቤተሰቡን በሙሉ ሊገድል ይችላል። ለነቀዝ ሲባል ከሆነ፣ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ፒክስ ጆንያ ነቀዙን ያለ ኬሚካል ያፍነዋል። አይጥ ግን ስለምትቀደው አይጥ በማትደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

መርዝ መጠቀም ግድ ከሆነ ጽሑፍ ያለበትን የታሸገ ምርት ብቻ ይግዙ። ምርቱን ከነማሸጊያው ይያዙ፤ ወደ ውኃ ፕላስቲክ ወይም ወደ ስኳር ዕቃ አይገልብጡ። ልጅና እንስሳ በማይደርስበት፣ በተዘጋና አይጥ ብቻ በምታልፍበት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። በልጆች ምግብ አይለውሱት። ሥራው ሲያልቅ የቀረውን ቤት ውስጥ አያቆዩ።

በቤቱ በከባድ ሐዘን ወይም ጭንቀት ውስጥ ያለ፣ መኖር የሰለቸው መስሎ የሚናገር ሰው ካለ ምንም ዓይነት መርዝ ቤት ውስጥ አይኑር። በስሪ ላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎች ከገበያ ከታገዱ በኋላ ራስን የማጥፋት ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል፤ መርዙ በእጅ አለመኖሩ ብቻውን ሕይወት ያተርፋል። ሰውየውን በግልጽና በርኅራኄ ያነጋግሩት፤ ብቻውን አይተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ።

መርዝ የበላ ሰው ካለ

- ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ።
- እንዲያስመልሰው አያድርጉ። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል ወይም የሳሙና ውኃ አይስጡ። ባለሙያ ካላዘዘ ውኃም አይስጡ።
- አፉ ውስጥ የቀረውን በጨርቅ ጠርገው ያውጡ። ልብሱን ከነካው አውልቀው ገላውን በሳሙናና በውኃ ያጥቡ።
- ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት።
- መርዙ ዱቄት ወይም የነቀዝ ክኒን ከሆነ ትውከቱ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል፤ የመኪናውን መስኮት ይክፈቱ።
- የመርዙን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። የተበላበትን ሰዓትና መጠኑን ይንገሩ። ማሸጊያው ከሌለ ቀለሙንና ሽታውን ይግለጹ።

ልጁ «ትንሽ ብቻ ነው የቀመስኩት» ቢልም፣ ደህና ቢመስልም ይውሰዱት።

አይጥ ከነከሰ

ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያጥቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል። አይጥ የእብድ ውሻ በሽታን ማስተላለፏ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ውሳኔውን ግን ለባለሙያው ይተዉ። የሚያጠባ ሕፃን ያላት እናት የሕፃኑን አፍና እጅ ከወተት አጽድታ ታስተኛው፤ አይጥ በምግብ ሽታ ትሳባለች።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ትኩሳት ከዓይን መቅላት፣ ከዓይን ቢጫ መሆን ወይም ከሽንት ማነስ ጋር
- ከንክሻ በኋላ የቁስል ማበጥ፣ መምገል ወይም ትኩሳት
- ድንገተኛ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት
- መርዝ ተቀምጦበት በነበረ ቤት በሕፃን ላይ የታየ ትውከት፣ መዛል ወይም የመተንፈስ ችግር

ከማን ምክር ያገኛሉ?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነፍሳትንና አይጥን መቆጣጠርን ከፓኬጆቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ ቤትዎን እንድታይልዎ ቢጠይቁ ሥራዋ ነው። ከጎረቤት ጋርም ይነጋገሩ። እርስዎ ብቻ ቢያጸዱ አይጡ አጥር ተሻግሮ ይመለሳል፤ ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ተባብሮ ቆሻሻውን ካነሳ፣ ቀዳዳውን ከደፈነና ወጥመድ ካጠመደ ግን የሚሸሸግበት ያጣል።